ድምፅ አልባው ኮምፒውተር፦ አሮጌ ሳውንድ ካርድን በሊኑክስ ማስነሳት



ባለፈው ሴሚስተር ለጀማዓችን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በሰደቃ ተሰጠን። ፔንቲየም 3 ነው፤ ሚሞሪው 384 ሜጋባይት፣ ሽፋኑ ከዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል። ገና በር ላይ ሳለ «ይኼማ ለቁራሌው ነው» ያሉ ነበሩ፤ ከእነሱ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ማየት የተሳነው ወንድማችን ነው። ኪቦርዱን ዳበስ ዳበስ አደረገና «ድምፅ አለው?» ብሎ ጠየቀ። ስልኩ ስክሪኑን ያነብለታል፤ ነገር ግን ረጅም የቤት ሥራ በስልክ መጻፍ ያደክማል። ደህና ኪቦርድ ያለው፣ የጻፈውን መልሶ የሚያነብለት፣ ሒፍዙን ሲከልስም ቲላዋ የሚያሰማው ማሽን ቢያገኝ ሌላ አይፈልግም። ስክሪኑ ቢሠራም ባይሠራም ለእሱ ያው ነው።

ለዚህ የሚሆን ሶፍትዌር በነፃ አለ። ሊኑክስ ላይ ስፒክአፕ የሚባለው የከርነል ክፍል በጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ ላይ የሚወጣውን ይከታተላል፤ ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ደግሞ ወደ ንግግር ይለውጠዋል። ድምፁ ሮቦት ሮቦት ይላል፤ ቢሆንም እንዲህ ባለ አሮጌ ፕሮሰሰር ላይ ሳይንገዳገድ ይሠራል። የዴቢያን መጫኛ ራሱ ገና ሲነሳ «ኤስ» ተጭነን ኢንተር ብንመታ እያነበበ የሚመራ ነው። እኛም ኤስ ተጫንን፣ ኢንተር መታን፤ ዝም። እኛ እያየን ጭነን ጨረስነው፤ ድምፁ ግን ከዚያም በኋላ አልመጣም። ማየት ለተሳነው ሰው ዝም ያለ ኮምፒውተር፣ ለሌሎቻችን ስክሪኑ እንደ ጨለመ ኮምፒውተር ነው።

ክዳኑን ከፍተን አቧራውን ስንጠርግ ካርዱ ሳውንድ ብላስተር 16 ፒኤንፒ ሆኖ ተገኘ። የተሰካው በነጮቹ አጫጭር የፒሲአይ ስሎቶች ላይ ሳይሆን በጥቁሩና ረጅሙ የአይሳ ስሎት ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ስሎት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የአይሳ ሳውንድ ካርድ ለመሥራት ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ፖርት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ካርዱን የሚያገኝበት አድራሻ። ለሳውንድ ብላስተር በልማድ 220 ነው፣ በሄክሳዴሲማል አቆጣጠር። ሁለተኛው አይአርኪው ይባላል፤ ካርዱ «የሰጣችሁኝን አጫውቼ ጨርሻለሁ፣ ጨምሩልኝ» ብሎ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር ነው፤ በልማድ 5። ሦስተኛው ዲኤምኤ ነው፤ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ድምፁን ከሚሞሪ ወደ ካርዱ የሚያመላልስ መንገድ። ሳውንድ ብላስተር 16 ሁለት ዲኤምኤ ይይዛል፤ ለ8 ቢት ድምፅ በልማድ 1፣ ለ16 ቢት ደግሞ 5።

ሦስቱም ውስን ናቸው። የአይአርኪው መስመሮች ከ0 እስከ 15 ድረስ 16 ብቻ ሲሆኑ፣ ሰዓት ቆጣሪው 0ን፣ ኪቦርዱ 1ን፣ ፍሎፒው 6ን፣ የመጀመሪያው የፕሪንተር ፖርት 7ን፣ ክቡ መሰኪያ ያለው ማውስ 12ን፣ ሐርድ ዲስኮቹ 14ንና 15ን ቀድመው ይይዛሉ። የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የፒሲአይ ካርዶች አንዱን መስመር ለሁለት ለሦስት መጋራት ይችላሉ። የአይሳ ካርዶች ግን አይጋሩም፤ አንዱ መስመሩን ከያዘው የሌላው ጥሪ አይሰማም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

በድሮው ጊዜ እነዚህን ቁጥሮች የሚመርጠው ሰውየው ራሱ ነበር። ካርዱ ላይ ጃምፐር የሚባሉ ትንንሽ መሰኪያዎች አሉ፤ ማኑዋሉን እያየ በጣቱ ያዛውራቸዋል። በ1993 ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ለአይሳ ካርዶች «ፕለግ ኤንድ ፕሌይ» የተባለ ደንብ አወጡ፤ ፒኤንፒ የሚለው ምህፃር ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ካርዱ ሲበራ ምንም ቁጥር ሳይይዝ ተኝቶ ይጠብቃል። ባዮሱ ወይም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መጥቶ ይቀሰቅሰዋል፣ ምን እንደሚፈልግ ይጠይቀዋል፣ ቁጥሮቹን ይሰጠዋል። የእኛ ካርድ ዝም ያለው ተበላሽቶ አልነበረም። የሚቀሰቅሰው አጥቶ ነው።

አቀሳቀሱ ራሱ ደስ የሚል ነገር አለው። ችግሩ እንዲህ ነው፦ በአንድ መስመር ላይ ሦስት አራት የተኙ ካርዶች አሉ፤ አንዳቸውም አድራሻ የላቸውም። አድራሻ የሌለውን አንዱን ብቻ ነጥሎ እንዴት ማናገር ይቻላል?

ቁርኣን ቤት የቀራችሁ እንዲህ አስቡት። ኡስታዙ ስማቸውን የማያውቃቸው ደረሶች ፊቱ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ደረሳ ሉሑ ላይ የ0 እና የ1 ረጅም ቁጥር ተጽፎለታል፤ የማንም ቁጥር ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። ኡስታዙ መጀመሪያ አንድ የይለፍ ቃል ይላሉ፤ እሱን ሲሰሙ ሁሉም ይነቃሉ። ከዚያ «የመጀመሪያው ቁጥራችሁ» ይላሉ። 1 ያለው ጮክ ብሎ ይናገራል፤ 0 ያለው ዝም ብሎ ያዳምጣል። ዝም ካሉት መካከል የሌላ ደረሳ ድምፅ የሰማ «ከእኔ ሌላ አለ» ብሎ ከዚያ ዙር ይወጣል። ሁለተኛው ቁጥር፣ ሦስተኛው፣ እንዲህ እየተባለ እስከ መጨረሻው ይኬዳል። በመጨረሻ አንድ ደረሳ ብቻ ይቀራል። ኡስታዙ «አንተ 1 ነህ» ብለው የመቀመጫ ቁጥር ይሰጡታል። የወጡት ደግሞ እንደገና ይጀምራሉ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ይለያል።

ካርዶቹ ላይ ያ ቁጥር 72 ቢት ነው። 64ቱ የአምራቹንና የካርዱን ማንነት የሚናገሩ ሲሆኑ 8ቱ ስህተት መኖር አለመኖሩ የሚጣራባቸው ናቸው። የይለፍ ቃሉ ደግሞ በ279 ፖርት የሚላክ የ32 ባይት ቅደም ተከተል ነው። ይህ ፖርት የተመረጠው በብልሃት ነው፦ የሁለተኛው ፕሪንተር ፖርት ሁኔታ የሚነበብበት አድራሻ ስለሆነ ማንም ጽሑፍ አይልክበትም፤ ቢላክበትም ፕሪንተሩ አይነካም። እኔ ይህን ያነበብኩ ቀን ከመግሪብ እስከ ዒሻ ሌላ ነገር አልሠራሁም።

አሁን ወደ ሊኑክስ። በ1990ዎቹ ይህን ሥራ የሚሠራው ከከርነሉ ውጭ ያለ አይሳ ፒኤንፒ ቱልስ የሚባል የፕሮግራሞች ስብስብ ነበር። ፒኤንፒደምፕ የሚባለው ትእዛዝ ካርዶቹን ለይቶ ሊይዙት የሚችሉትን ቁጥር ሁሉ በአንድ ፋይል ይዘረዝራል። ሁሉም መስመር በፊቱ የመሰላል ምልክት ተደርጎበት ስለሚወጣ የምትፈልጉትን መርጣችሁ ምልክቱን ማንሳት የእናንተ ፋንታ ነው። አይሳፒኤንፒ የሚባለው ሁለተኛው ትእዛዝ ደግሞ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ያንን ፋይል አንብቦ ካርዱን ይቀሰቅሳል። የሳውንድ ድራይቨሩ የግድ ከዚህ በኋላ መጫን ነበረበት፤ ቀድሞ ከተጫነ የተኛ ካርድ አያገኝም። ብዙ ሰው የደከመበት ቦታ ይህ ነው። በጥር 2001 በፈረንጆች የወጣው ከርነል 2.4 ሥራውን ወደ ራሱ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህ የድሮዎቹ ፕሮግራሞች አያስፈልጉም። በድሮ መመሪያ ተመርታችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ብታደርጉ እርስ በርስ ይጣላሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የአይሳ ስሎት ድጋፍ ያለው በ32 ቢት ከርነል ላይ ነው። ዴቢያን 13 በ2025 ሲወጣ የ32 ቢቱን ከርነልና መጫኛ ስላቋረጠ እኛ ዴቢያን 12ን ነው የጫንነው፤ ያለ ዴስክቶፕ፣ ጥቁሩን ገጽ ብቻ። ትእዛዞቹን እዚህ በአማርኛ ፊደል ነው የምጠራቸው፤ በላቲን ፊደል እንደሚተየቡበት አድርጌ ጽፌ በጀማዓው ክፍል ሰሌዳ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ።

መጀመሪያ ዲሜሴጅ የሚባለውን ትእዛዝ ሰጥታችሁ ከርነሉ ሲነሳ የጻፈውን አንብቡ። አይሳፒኤንፒ በሚል የሚጀምር መስመር ላይ የካርዱን ስም ካያችሁ፣ ከርነሉ ካርዱን ለይቶታል ማለት ነው። ስሙ ከሌለ ችግሩ የሶፍትዌር ላይሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ፣ ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ የሳጥኑን ብረት በእጃችሁ ነክታችሁ ካርዱን አውጥታችሁ መልሳችሁ ስኩት። የእግሮቹን ንጣፍ በንጹሕ የእርሳስ ላጲስ ቀስ ብሎ ማሸት ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ከዚያ ሲስ በሚባለው ማውጫ ውስጥ፣ ባስ፣ ከዚያ ፒኤንፒ፣ ከዚያ ዲቫይስስ የሚል አለ። እያንዳንዱ የካርዱ ክፍል እዚያ የራሱ ፎልደር አለው። ክፍል ያልኩት አንድ ሳውንድ ካርድ አንድ ነገር ብቻ ስላልሆነ ነው፦ ድምፁ አንድ ክፍል ነው፣ የጆይስቲክ መሰኪያው ሌላ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የሲዲ ሮም መሰኪያ አለ። የሲዲውን መሰኪያ አታስነሱት። ማንም የማይሰካበት ሆኖ ሳለ አንድ አይአርኪው ወስዶ ይቀመጣል። ፎልደሩ ውስጥ ኦፕሽንስ የሚለው ፋይል ክፍሉ ምን ምን ቁጥር መያዝ እንደሚችል፣ ሪሶርስስ የሚለው ደግሞ አሁን ምን እንደያዘ ይነግራችኋል። ሪሶርስስ ላይ «ዲሴብልድ» የሚል ካያችሁ ክፍሉ ተኝቷል። ድራይቨሩ ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይቀሰቅሰዋል።

ድራይቨሩ ለሳውንድ ብላስተር 16 ኤስኤንዲ ኤስቢ 16 ይባላል፤ በሞድፕሮብ ትጭኑታላችሁ። የእናንተ ካርድ ሌላ ከሆነ ትልቁ ቺፕ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ካርዱ ሳጥን ላይ ያለው ስም አያስተማምንም። ኢኤስኤስ ከሆነ ኤስኤንዲ ኢኤስ18ኤክስኤክስ፣ ክሪስታል 4236 ከሆነ ኤስኤንዲ ሲኤስ4236፣ ያማሃ ኦፒኤል3 ኤስኤ ከሆነ ኤስኤንዲ ኦፒኤል3ኤስኤ2 ነው።

ድራይቨሩ ያለ ስህተት ተጫነ፤ ድምፅ ግን አሁንም የለም። እኔ ስፒከሩን ጠርጥሬ ከጓደኛ ሌላ ተዋስኩ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ አንድ ከሰዓት አለቀ። ነገሩ ግን ሌላ ነበር፦ አልሳ የሚባለው የሊኑክስ የድምፅ ሥርዓት ካርዱን ሲያስነሳ ሁሉንም የድምፅ መጠን ዘግቶ ነው የሚጀምረው። አልሳሚክሰርን ከፍታችሁ ማስተር እና ፒሲኤም የሚሉትን ዓምዶች እዩ፤ ከሥራቸው ሁለት «ኤም» ካለ ተዘግተዋል። የኤም ቁልፍን ስትጫኑ ይከፈታሉ፣ ከዚያ በቀስቱ ከፍ አድርጓቸው። ስትጨርሱ አልሳሲቲኤል ስቶር ብላችሁ አስቀምጡት፤ አለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ የት እንደሚነሳ አታውቁም። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ ስፒከር ፍለጋ ዶርም ለዶርም ባልዞርኩ።

ድምፁ የተከፈተ ቀን ክፍሉ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ነበርን። ከፍላሽ ላይ አንድ ቲላዋ ከፈትኩ። ከስፒከሩ የመጣው የመጀመሪያው ቃል ቁራጭ ብቻ ነው፤ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ፣ እሱኑ እየደጋገመ፣ እየደጋገመ። ከኋላዬ አንድ ወንድም «አጥፋው፣ አጥፋው!» አለ፤ ልክ ነበር። የአላህን ቃል እንዲህ እየቆራረጡ መሞከሪያ ማድረግ አደብ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምንሞክረው ስፒከር ቴስት በሚባለው ትእዛዝ ነው፤ «ፊት ግራ፣ ፊት ቀኝ» እያለ በእንግሊዝኛ የሚናገር ድምፅ ያሰማል። እናንተም ገና ያልተስተካከለ ካርድ በእሱ ሞክሩ።

ይህ የመደጋገም ነገር ግን ትልቅ ምልክት ነው። አስቡት፦ ድምፅ ከተሰማ ፖርቱ ትክክል ነው፤ ድምፁ ከሚሞሪ ወደ ካርዱ ከደረሰ ዲኤምኤውም ትክክል ነው። የጎደለው ጥሪው ነው። ዲኤምኤው ሚሞሪ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቁራጭ ዙሪያውን እየዞረ ያመላልሳል፤ ካርዱ «ጨርሻለሁ፣ ቀጣዩን» ይላል፤ ፕሮሰሰሩ ግን አይሰማም። ስለዚህ አዲስ ድምፅ አይመጣም፣ አሮጌው ቁራጭ ይደገማል። እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሙ ወደ ሌላ ቦታ አትሂዱ፤ አይአርኪው ላይ ነው። ማረጋገጫው ፕሮክ በሚለው ማውጫ ውስጥ ያለው ኢንተራፕትስ የሚባል ፋይል ነው፤ በየመስመሩ ስንት ጥሪ እንደመጣ ይቆጥራል። ድምፅ እየተጫወተ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፈትነው። የካርዱ መስመር፣ ቁጥር 5፣ ከ0 ፈቀቅ አላለም።

ጥሪውን ማን ዋጠው? ፋይሉ ላይ በ5 የተጻፈው የእኛ ካርድ ብቻ ነው፤ ሌላ ስም የለም። ሁለት ቀን ዞርንበት። በመጨረሻ እንደገና ክዳኑን ከፈትኩና ከሳውንድ ካርዱ በታች የተሰካውን፣ ማንም የማይጠቀምበትን አሮጌ የኔትወርክ ካርድ አየሁ። ኤንኢ2000 የሚባለው ዓይነት ነው፣ ባለ ጃምፐር። ጃምፐሩ የተቀመጠው 5 ላይ ነበር። ይህ ካርድ ከፒኤንፒ ደንብ በፊት የነበረውን መንገድ ስለሚከተል የይለፍ ቃሉን አያውቅም፤ ዙሩ ላይ አይናገርም፣ ስለዚህ ከርነሉ መኖሩን አያይም። ድራይቨሩን ስላልጫንን ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ አልተጻፈም። ግን ኤሌክትሪኩ ላይ አለ፤ መስመር 5ን ይዞ የሳውንድ ካርዱ ጥሪ እንዳያልፍ ያግደዋል። በቁርኣን ቤቱ ምሳሌ፣ ስሙ ሳይመዘገብ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሌላውን አፍ የሚይዝ ደረሳ ነው።

ካቻቢቴ አምጥተን ካርዱን ፈታንና አወጣነው። ስፒከር ቴስት «ፊት ግራ፣ ፊት ቀኝ» ብሎ ሳይደጋገም ቀጠለ፤ የመስመር 5 ቁጥር መሮጥ ጀመረ። አልሐምዱሊላህ።

የእናንተ የኔትወርክ ካርድ የሚያስፈልግ ከሆነ ማውጣት የለባችሁም። ከርነሉ ሲነሳ ፒኤንፒ ሪዘርቭ አይአርኪው የሚል መመሪያ ከ5 ቁጥር ጋር ብትሰጡት 5ን ለማንም የፒኤንፒ ካርድ አይሰጥም፤ ሳውንድ ካርዱን ወደ ሌላ ያዛውረዋል፣ ለምሳሌ ወደ 10። ባዮሱ ውስጥም ፒኤንፒ እና ፒሲአይ በሚለው ገጽ እያንዳንዱን አይአርኪው «ሌጋሲ አይሳ» ብሎ ለባለ ጃምፐር ካርዶች ማስቀረት ይቻላል። ሁለቱንም ማድረግ አይጎዳም። ቁጥር ተሳስታችሁ ብትሰጡ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል፤ አጥፍታችሁ አብሩት፣ ምንም አይቃጠልም።

ወንድማችን አሁን ከዐስር በኋላ እየመጣ ይጽፋል። በመጀመሪያው ሳምንት ግን አንድ ቅሬታ ይዞ መጣ፦ «ሲን እና ሣ አይለዩልኝም» አለ። እኛ ልዩነት አልሰማንም ነበር። ካርዱን ጠርጥረን ነበር፤ ይሁን እንጂ ጥፋቱ የፋይሎቹ ሆነ። የተሰጡን ቅጂዎች በስልክ የተቀዱ፣ በሰከንድ 8,000 ናሙና ብቻ ያላቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ ቅጂ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ መያዝ አይችልም፤ የሲን፣ የሣ እና የሷድ ፉጨት ደግሞ በአብዛኛው ያለው ከዚያ በላይ ነው። ካርዱ በ16 ቢት እስከ 44,100 ናሙና ድረስ ያጫውታል። የሸይኽ መሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪን ቲላዋ በ44,100 ናሙና ከተዘጋጀ ቅጂ አግኝተን ቀየርንለት፤ በማግስቱ ቁጭ ብሎ ጁዝኡ ዐምመን ከመጀመሪያው ጀመረ።

ክፍሉ ከዐስር እስከ መግሪብ ክፍት ነው። ሄድፎኑ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛ ያላችሁ ብታመጡ እንቀበላለን፤ መሰኪያው ባለ 3.5 ሚሊሜትሩ ክብ ይሁን።